ቪዲዮ ስናቀናብር ምን እንቆርጣለን? ምንስ እናስቀራለን?

(ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጸረ-ኤድስ ክበባትና የሚኒ ሚዲያ አባላት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ለጀማሪዎች በሚሆን መልኩ እንዳወራችሁ ተጋብዤ ነው የመጣሁት። ጠዋት የጻፋችሁትን ጥያቄ አንድ በአንድ አነበብኩት። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት አንድ ነገር ነው፤ «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ይላል። እመልሳለሁ፤ ግን ቆየት ብዬ። እስክሪብቶው ሳይሆን ደብዳቤው ነው ዋናው። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ደብዳቤው እናውራ።

ኤዲቲንግ ምንድነው? ብዙዎቻችሁ «የተበላሸውን መቁረጥ» ብላችሁ ታስባላችሁ። እኔም እንደናንተ ተማሪ ሳለሁ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ የቆየ ሙከራ ልንገራችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910ዎቹ መጨረሻና በ1920ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ በሩሲያ ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል የፊልም ባለሙያ ነበር። ኢቫን ሞዥኪን የሚባለውን ተዋናይ ፊት፣ ምንም ስሜት የማይነበብበትን አንድ ቀረጻ ወሰደ። ከዚያ ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን ጋር፣ አንዴ ከሬሳ ሳጥን ጋር፣ አንዴ ደግሞ ከአንዲት ሴት ጋር አገናኘው። እንደሚነገረው ተመልካቹ «አቤት ትወና! ሲርበው እንዴት ያሳዝናል፤ ሲያዝን እንዴት ልብ ይነካል» እያለ አደነቀ። ሰውየው ግን ፊቱን አልለወጠም። የተለወጠው ከጎኑ የተቀመጠው ምስል ብቻ ነው።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሞክሩት። የወንድማችሁን ፊት ዝም ብሎ እያለ ለአምስት ሰከንድ ቅረጹ። ቀጥሎ ትኩስ ሽሮ አስገቡ። በሌላው ቅጂ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ 23 የተጻፈበትን የሒሳብ ፈተና ወረቀት አስገቡ። ያው ፊት ነው። እናታችሁን ጥሩና አሳዩአቸው፤ በመጀመሪያው «ልጄ ርቦታል» ይላሉ፤ በሁለተኛው ምን እንደሚሉ እናንተ ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ኤዲተር ማለት ይህንን ሥልጣን የያዘ ሰው ነው። ሰው ያላለውን እንዳለ፣ ያልተሰማውን እንደተሰማው ማድረግ ይችላል። እኔ ይህንን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። በሰው ላይ አጥፍቼ ነው የተማርኩት።

ጊዜው 1998 ዓ.ም. ነው። በአገራችን የጸረ-ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ ገና አንድ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። የኛ ክበብ አጭር ፊልም ለመሥራት ተነሳ። አንድ ሚኒ ዲቪ ካሜራ ተዋስን። ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ አንዲት እናት «ፊቴ ካልታየ እናገራለሁ» ብለው ተስማሙ። ስማቸውን አልጠራም፤ እትዬ ብቻ እላቸዋለሁ። እትዬ እንጀራ እየጋገሩ ነበር የሚተዳደሩት። ካሜራውን የያዘው ጓደኛዬ ነው፤ ኤዲተሩ እኔ ነኝ። አንዱን የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ሙሉ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበር፤ 13 ጊጋ ባይት ያህል ቦታም ይበላል። የኮምፒዩተሩ ዲስክ ሞልቶ ስንቱን የሰው ዘፈን እንዳጠፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

እትዬ ከተናገሩት ውስጥ እንዲህ የሚል ነበር፦ «መጀመሪያ ስሰማ መሞት ተመኘሁ። ሦስት ወር ከቤት አልወጣሁም። መድኃኒቱን ስጀምር ግን ተነሳሁ። አሁን ሠርቼ እበላለሁ፤ ልጄን አስተምራለሁ።» እኔ ምን አደረግኩ? «መሞት ተመኘሁ» የሚለው ላይ ቆረጥኩት። ከሥሩ ዋሽንት አስገባሁበት። ቀጥሎ ጨለማ። ሰው እንዲደነግጥ ፈልጌ ነው። ያኔ ደግሞ ማስደንገጥ ማስተማር ይመስለን ነበር። ውሸት አልጨመርኩም፤ የተጠቀምኩት የእሳቸውን ቃል ነው። ሆኖም ያ ፊልም ውሸት ነበር። እትዬ ሊነግሩን የመጡት ተነሳሁ የሚለውን ነው፤ እኔ ግን ቀበርኳቸው።

ይህ አንዱ ጥፋት ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ፊታቸውን በደንብ ሸፍኜዋለሁ፤ በዚያ እኮራ ነበር። ነገር ግን ንግግሩ መሐል ቆርጬ ያወጣሁትን ክፍተት የምሸፍንበት ምስል ፈለግኩ። ኤዲተሮች ሰው ሲናገር ሌላ ነገር ያሳያሉ፤ እጅ፣ መስኮት፣ መንገድ። «ከትአዌይ» ይባላል። እኔም የእትዬን እጅ በቅርብ የተነሳውን መረጥኩ፤ ከምጣዱ ላይ እንጀራ ሲያወጡ፣ እንፋሎቱ ሲነሳ፣ በጣም ያምራል። በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ የቆየ የእሳት ጠባሳ አለ። እንጀራ የሚገዛቸው ሰው ሁሉ ብሩን የሚያስረክበው ለዚያ እጅ ነው።

ፊልሙ በአዳራሽ ታየ። ተጨበጨበልን። በሳምንቱ ከደንበኞቻቸው ብዙዎቹ መምጣት አቆሙ። በወሩ እትዬ ሰፈር ለቀቁ። ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ አልተቆጡኝም፤ ተቆጥተውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ፊቴን ደብቀህ እጄን አሳየህ ልጄ» ብቻ ነው ያሉኝ። ቪዲዮ ሳቀናብር ስንት ዓመት አለፈኝ፤ እስከዛሬ የሰው እጅ በቅርብ የተነሳ ቀረጻ ሳይ መጀመሪያ የሚታየኝ ያ ጠባሳ ነው።

እሺ፤ ወደ ሥራው እንግባ። አሁን የምነግራችሁን በዚህ ዓይን ስሙት።

ስልካችሁ ላይ ያለውን ቀረጻ ከመንካታችሁ በፊት ሁለት ቦታ ገልብጡት፤ አንዱን ኮምፒዩተር ላይ፣ ሌላውን ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ዲስክ ላይ። በሙሉ ኤች.ዲ. ጥራት፣ ማለትም በ1920 በ1080፣ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እንደ ስልኩ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 130 ሜጋ ባይት ይሆናል። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ቀረጻ ይዛችሁ 4 ጊጋ ፍላሽ ላይ ላስገባ ብትሉ ላይሆን ይችላል።

ቀጥሎ ኮምፒዩተሩን ዝጉት። አዎ፣ ዝጉት! አንድ ኮምፒዩተር ለአርባ ተማሪ በሚደርስበት ትምህርት ቤት ይህ ዘዴ ወርቅ ነው። ቀረጻውን በስልክ እያያችሁ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ማን ተናገረ፣ ምን አለ፣ በስንት ደቂቃ ከስንት ሰከንድ። ሰው የተናገረውን ቃል በቃል ገልብጡ። ከዚያ የምትፈልጉትን አስምሩበት። የወረቀት ኤዲቲንግ ይባላል። ጥቅሙ ጊዜ መቆጠብ ብቻ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን ከየት እንደቆረጣችሁት ወረቀቱ ላይ ፊት ለፊት ይታያችኋል። እኔ የእትዬን ንግግር ወረቀት ላይ ጽፌው ቢሆን ኖሮ «ስጀምር ግን ተነሳሁ» የሚለው ከሥሩ ተቀምጦ ያፈጥብኝ ነበር።

ሶፍትዌሩን ስትከፍቱ ከታች በኩል ረጅም መስመር ታያላችሁ፤ ታይምላይን ይሉታል። ክሊፖቹን በቅደም ተከተል መጀመሪያ በደፈናው ደርድሩ። አታሳምሩ። ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር እዩት። አሰልቺ ይሆናል፤ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ድርድር አሰልቺ ነው። ከዚያ ከየክሊፑ ራስና ጅራት መቀነስ ጀምሩ። ሰው ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ጨርሶ «በቃ?» ብሎ ሲያይ፤ እነዚህ ይውጡ። ነገር ግን ሰው መልስ ከመስጠቱ በፊት ዝም ካለ፣ ያቺን ዝምታ ተዉአት። ብዙ ጊዜ ከመልሱ የበለጠ የምትናገረው እሷ ናት።

አፖካሊፕስ ናው የተባለውን ታዋቂ ፊልም ካቀናበሩት አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ዋልተር መርች፣ አንድ ቁራጭ ጥሩ የሚሆንበትን መመዘኛ ስድስት አድርጎ ከመቶ ነጥብ ሰጥቷቸዋል። ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው ስሜትን ነው፤ 51 በመቶ። ታሪኩን ወደፊት መግፋቱ 23 በመቶ ነው። እኛ ጀማሪዎች የምንጨነቅለት፣ ሰውየው በግራ ነበር በቀኝ ሆነ የሚለው የቦታ ጉዳይ ደግሞ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ 4 በመቶ ብቻ አግኝቷል። (በነገራችን ላይ መርች ቆሞ ነው ኤዲት የሚያደርገው። እናንተ ወንበር ስላጣችሁ አትጨነቁ።)

ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው መሸጋገሪያ ሶፍትዌሩ መቶ ዓይነት ያቀርብላችኋል፤ ኮከብ ሆኖ የሚበተን፣ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ፣ ልብ ሆኖ የሚጠብ። ሁላችሁም አንዴ ሞክሩትና ይውጣላችሁ። ከዚያ ተዉት። ዜናም ሆነ ፊልም ስታዩ አብዛኛው መሸጋገሪያ ቀጥታ ቁረጥ ነው። ጊዜ ማለፉን ለማሳየት ምስሉን ማደብዘዝ ይበቃል።

ድምፅ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የትምህርት ቤት ፊልሞች የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው። ሰው የደበዘዘ ምስል ይታገሳል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገስም። ከስልኩ ካሜራ ይልቅ ማይክራፎኑን ወደ ተናጋሪው አቅርቡ፤ ሌላ ስልክ ካላችሁ የድምፅ መቅጃውን ከፍታችሁ ደረት ኪስ ውስጥ ይጨመር። ቀረጻው ሲጀመር አንዴ አጨብጭቡ፤ በኋላ ሁለቱን ድምፆች የምታገጥሙት በጭብጨባዋ ነው። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ማንም ሳይንቀሳቀስ 30 ሰከንድ ዝም ብላችሁ የክፍሉን ድምፅ ቅረጹ። ንግግር ስትቆርጡ መሐል ላይ የሚፈጠረውን ድንገተኛ ጸጥታ የምትሞሉት በሱ ነው። ሙዚቃ ካስገባችሁ ከንግግሩ ሥር በደንብ ዝቅ ይበል። ሙዚቃውም የታዋቂ ዘፋኝ ካሴት ሳይሆን ክራር የሚጫወት የክፍላችሁ ልጅ ይሁን፤ እሱን ፈቃድ መጠየቅ ቀላል ነው።

አንድ ዘዴ ደግሞ አለ። የሚቀጥለው ሰው ድምፅ ምስሉ ከመምጣቱ አንድ ሰከንድ አስቀድሞ እንዲሰማ አድርጉ። ለምሳሌ የትምህርት ቤቱን በር እያየን የደወል ድምፅ እንሰማለን፤ ከዚያ ደወሉ ይታያል። ወይም በተቃራኒው ምስሉ ይለወጥና የቀድሞው ሰው ንግግር ትንሽ ይቀጥላል። ሁለቱ ታይምላይን ላይ በሚሠሩት ቅርጽ ምክንያት ጄ ከት እና ኤል ከት ይባላሉ። ይህን የተማረ ልጅ ፊልሙ ወዲያው ይለያል።

የምስል ነገር አንድ ብቻ ልበል። በፍሎረሰንት መብራት በምትቀርጹበት ጊዜ ምስሉ እየተርገበገበ ካስቸገራችሁ ስልኩ አልተበላሸም። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ ስልኮች ደግሞ በአብዛኛው በሰከንድ 30 ምስል ያነሳሉ፤ አይገጣጠሙም። ስልካችሁ የሚፈቅድ ከሆነ በሰከንድ 25 አድርጉትና የሸተሩን ፍጥነት 1/50 ላይ አስቀምጡት። ካልፈቀደ መስኮት አጠገብ ሂዱ።

አሁን የተጠበቀው ጥያቄ፤ የትኛው ሶፍትዌር? እኔ የጀመርኩበት ዊንዶውስ ሙቪ ሜከር ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ከዊንዶውስ ጋር መጣ፤ በጥር 2017 ማይክሮሶፍት ማቅረቡን አቆመ። ዛሬ አንዳንድ ድረ ገጽ ላይ «ሙቪ ሜከር በነፃ» የሚል ብታገኙ አትንኩት፤ ማይክሮሶፍት ያስቀመጠው አይደለም። ትምህርት ቤት ላለ አሮጌ ኮምፒዩተር እኔ የምመክረው ሾትከት ነው። ነፃ ነው፤ ቪዲዮው ላይ የራሱን ማርክ አይለጥፍም፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኦፕንሾትና ኬዴንላይቭም እንደዚሁ ነፃ ናቸው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቅጂው እንኳ የትልልቅ ስቱዲዮዎችን ሥራ ይሠራል፤ ግን 16 ጊጋ ራምና ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ከሌለ ያንቀራፍፋችኋል። አዶቤ ፕሪሚየር በየወሩ ይከፈልበታል። የተሰበረውን ቅጂ ከሰው ፍላሽ የሚጭኑ አሉ፤ አብሮት ቫይረስ ይገባል። (የኮምፒዩተሩን ማለቴ ነው!) ስልክ ላይ ካፕከት፣ ኢንሾትና ካይንማስተር ቀላል ናቸው፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ በነፃው ቅጂ ላይ ማርክ ያደርጋሉ፤ አንዳንዶቹም ሥራችሁን በኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣሉ። የሰው ምስጢር ያለበትን ቀረጻ እንዲህ ባለ መተግበሪያ አትሥሩ።

ሾትከት ላይ ሦስት ቁልፍ ያዙ፤ ኤስ ትቆርጣለች፣ ኤክስ አውጥታ ክፍተቱን ትዘጋለች፣ ኮንትሮልና ኤስ አንድ ላይ ሴቭ ያደርጋሉ። መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅምና በየአምስት ደቂቃው ሴቭ! ሌላው ሁሉም ጀማሪ የሚወድቅበት ነገር፣ ፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ ቪዲዮው የለም። ቪዲዮው የት እንደተቀመጠ የሚጠቁም አድራሻ ብቻ ነው ያለው። ፍላሹን ነቅላችሁ ከሄዳችሁ ወይም የፎልደሩን ስም ከቀየራችሁ በማግስቱ ባዶ ቤት ነው የምታገኙት። ቀረጻውንም ፕሮጀክቱንም አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉ። የአማርኛ ጽሑፍ ስታስገቡ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ ደግሞ የመረጣችሁት ፎንት ግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው፤ ናይላን ወይም አቢሲኒካን ምረጡ።

ማንነታቸው እንዳይታወቅ የሚፈልጉ ሰዎችን በሚመለከት፣ ከእትዬ በኋላ የምሠራው እንዲህ ነው። በኤዲቲንግ እደብቃለሁ ብዬ አልጀምርም፤ በቀረጻው ነው የምደብቀው። ሰውየውን ከመስኮት ብርሃን ፊት ከጀርባው አነሳለሁ፤ ወይም ጭራሽ ሰው አላነሳም፤ ጫማ፣ መንገድ፣ ግድግዳ ላይ የሚሄድ ጥላ ይበቃል። ድምፁን በሶፍትዌር ማቅጠን ወይም ማወፈር አላምንበትም፤ መልሶ ወደ ነበረበት ማምጣት ይቻላል። የተናገረውን ሌላ ሰው እንዲያነበው አደርጋለሁ፤ ያንንም ለተመልካች በጽሑፍ እገልጻለሁ። ልብስ፣ ጌጥ፣ ንቅሳት፣ ጠባሳ፣ ከጀርባ የተሰቀለ ፎቶ፣ ውጪ ስም የሚጣራ ልጅ፤ እነዚህን በዓይንም በጆሮም ለይቼ እፈልጋለሁ፤ አንዴ ድምፁን አጥፍቼ፣ አንዴ ዓይኔን ጨፍኜ። ከዚያ ከሰፈሩ ያልሆነ ሰው ሳይሆን፣ ራሱን ባለታሪኩን አስቀምጬ አሳየዋለሁ። እሱ የሚያውቀውን ምልክት እኔ ላውቅ አልችልም። «ይውጣ» ካለ ይወጣል፤ የመጨረሻው ቀን ላይ ቢሆንም፣ ፊልሙ ባዶ ቢቀርም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የጤናን መረጃ በተለየ ጥንቃቄ መያዝ ከሚገባቸው ውስጥ አስገብቶታል። በኔ ጊዜ ፊልሙ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር የታየው። ዛሬ ቴሌግራም ላይ ከወጣ የሚመልሰው የለም።

ይዘቱንም በተመለከተ፣ ማስፈራራት ይቅርባችሁ። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ደርሶ በዚያው የቀጠለ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው እንደማያስተላልፍ ተረጋግጧል። ይህንን የሰማ ተማሪ ለመመርመር አይፈራም። ዋሽንትና ጨለማ ያየ ግን ይሸሻል። የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንደምትቆርጡ ስትወስኑ ይኼ አብሮ ይታያችሁ።

እትዬን በ2002 ዓ.ም. ሌላ ከተማ አገኘኋቸው። ፈልጌ ነው የሄድኩት። ያንን ካሴት አስቀምጬው ነበር፤ በራሳቸው ፈቃድ እንደገና አቀናበርኩት። አራት ደቂቃ ነው። ፊት የለም፣ እጅ የለም፤ ድምፁ የሌላ ሴት ነው፤ የሚታየው ማለዳ ከቤቶች ጣሪያ የሚወጣ ጭስ ነው። ንግግሩ የሚጀምረው «መሞት ተመኘሁ» ብሎ ነው፤ ከዚያ ያልቆረጥኩት ሁሉ ይቀጥላል። እትዬ አይተው ሲጨርሱ «ጭሱ ጥሩ ነው፤ ግን የጠዋት ጭስ እንዲህ ቀጥ አይልም፤ ይኼ የማታ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ የቀረጽነው ማታ ነው። በማግስቱ በ12 ሰዓት ተነስቼ የጠዋቱን ቀረጽኩላቸው።

እሺ፤ መብራት ሳይጠፋብን በቡድን በቡድን ሆናችሁ ወደ ኮምፒዩተሮቹ ሂዱ። ዴስክቶፑ ላይ «ልምምድ» የሚል ፎልደር አለ። ውስጡ አንድ ዝም ያለ ፊት፣ አንድ የሽሮ ድስትና አንድ የፈተና ወረቀት ታገኛላችሁ።